ጎልማሳ ጠፋ

ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ «ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን ነው የማጠናው» እላለሁ። ጠያቂው ፊቴን ትኩር ብሎ ያይና «ታዲያ መድኃኒቱን ለራስሽ አታደርጊም?» ይለኛል። ይህን ቀልድ ከታክሲ ሹፌር፣ ከጥርስ ሐኪም፣ ከአከራዬና ከአጎቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም ራሳቸው የፈጠሩት ይመስላቸዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዓይኔ ሥር ያለው ጥቁረት ግን በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር እርጅናን አይደለም የማጠናው፤ የእርጅናን አንድ ጥግ ብቻ ነው። ክትባት በወጣት ላይ እሺ ብሎ ሠርቶ በአዛውንት ላይ ለምን እንደሚለግም። በደማችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች አሉ። ሰው ሁሉ «የሰውነት ወታደሮች» ይላቸዋል፤ እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ለእኔ መሥሪያ ቤት ናቸው። አንድ ጊዜ ከአንድ በሽታ ጋር ተናንቀው ዕድሜ ልካቸውን ያንኑ የሚያወሩ ነባሮች አሉ። ምንም በሽታ ሳያዩ ሥራ የሚጠባበቁ አዲስ ተቀጣሪዎችም አሉ። አዲሶቹን የምታሠለጥነው ከደረት አጥንት ሥር ያለች ትንሽ እጢ ናት፤ እሷ ደግሞ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸች ትሄዳለች። ሰው እያረጀ ሲመጣ ነባሮቹ ቢሮውን ይሞሉታል፣ አዲስ ተቀጣሪ ይጠፋል፣ ክትባቱ ይዞት የመጣውን ትምህርት የሚቀበል አይገኝም። እኔ ራሴ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት የምኖር ስለሆንኩ ለአዲስ ተቀጣሪዎቹ አዳላለሁ።

ላቦራቶሪያችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ግማሹ አይከፈትም፣ ፍሪዘሩ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ሴል የሚቆጥረው ማሽን ደግሞ ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ያኮርፋል። ደሙን የምትቀዳው ሲስተር ምድር ቤት ናት። በጎ ፈቃደኞቹ እሷ ጋ ገብተው ዕድሜያቸውን ይናገራሉ፣ ደም ይሰጣሉ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይከተባሉ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሁለተኛ ደም ይሰጣሉ። ወደ እኔ የሚወጣው ቱቦ ብቻ ነው፤ ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ። የሰው ፊት ካየሁ ቆጠራዬ ያዳላል ተብሎ ስለሚታመን ከሰጪዎቹ አንዱንም አላይም። ዓመቱን ሙሉ ሰዎች ከደረጃው ሥር ሲመጡና ሲሄዱ እኔ ፈሳሽ መምጠጫ ፒፔት ጨብጬ ቁጥር ሳነጋግር እውላለሁ።

ሦስት ቡድን ነበረን፤ ወጣት፣ ጎልማሳ፣ አዛውንት። አዛውንቶቹ ገና በጠዋቱ ይሰለፉ ነበር፤ ጊዜ አላቸው፣ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ ከልቡ የሚጠይቃቸው ሰው ማግኘትም ይወዳሉ። ወጣቶቹ ደም ለሰጠ ለሚታደለው ሳንድዊች ይመጣሉ። ችግሩ ጎልማሳው ነው። ከሃምሳ እስከ ስልሳ ያለ ሰው ልጅ ያስተምራል፣ ወላጅ ያስታምማል፣ አለቃ አለበት፤ ደም ሊሰጥ ቀርቶ ፀጉሩን የሚስተካከልበት ጊዜ የለውም። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ደግሞ እዚያ መሐል ነበር፤ መላላቱ የሚጀምረው መቼ ነው? የመሐሉ ሰው ከሌለ ወጣትና አዛውንት ይለያያሉ ከማለት ሌላ የምንለው የለንም። እሱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። በጀት የሚሰጠን ኮሚቴ የእኔን ኮንትራት የሚያድሰውም አዲስ ነገር ካገኘን ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ እናቴ ቤት ምሳ ቀርቦልኝ ሹካዬን አስቀመጥኩና አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ማሽኑ በዚያ ሳምንት ሁለቴ አኩርፎ ስለነበረ ይመስለኛል።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አለች እናቴ ደንግጣ።

«ጎልማሳ ጠፋ፣ እማዬ!»

ባል የፈለግሁ መስሏት መጀመሪያ ፊቷ ፈካ። ነገሩን ሳስረዳት ፈገግታዋን ሰበሰበችና በጥሞና አዳመጠችኝ። አዛውንቱ ሞልቶ እንደተረፈ፣ የመሐሉ ሰው ካልመጣ ሥራዬ እንደሚያበቃ ነገርኳት።

«ጎልማሳ ስትዪ» አለች፣ «ሴትም ይጨምራል?»

«ይጨምራል እንጂ።»

«እኔማ ወንድ ብቻ መስሎኝ። በይ ብዪ፣ አፈር ስሆን፣ ይቀዘቅዛል።»

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲስተር ከምድር ቤት ደወለችልኝ። «ዛሬ ዘነበልሽ! ጎልማሳ በጎልማሳ ሆነናል» አለችኝ። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ቱቦ መጣ። እጄ እስኪዝል ሠራሁ፣ ግን ደስ እያለኝ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላም አሥራ አንዱም ሳይጎድሉ ተመልሰው መጡ። እንዲህ ያለ ታማኝነት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከሌሎቹ ጥቂት ጎልማሶች ጋር አይመሳሰሉም። ሃምሳ ምናምን ዓመት ተብለው የተመዘገቡ ሰዎች የሰባ ዓመት ሰው ደም ይዘው ቁጭ ብለዋል። አዲስ ተቀጣሪ ሴሎቻቸው ተመናምነዋል፣ ክትባቱ ከነካቸው ይልቅ ያለፋቸው ይበዛል። ከሁሉም የባሰው ቱቦ ቁጥር አርባ ሰባት ነበር። የአርባ ሰባት ሴሎች ግራፉ ላይ ከመጨረሻው ታች፣ ከሁሉም ርቀው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከክትባቱ በኋላ ደሙ ውስጥ የተፈጠረ መከላከያ የለም ማለት ይቻላል። ከወንበሬ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢያዩኝም ግድ አልነበረኝም።

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ግራፉን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። እሳቸው በስድስት ዓመት ውስጥ «ጎበዝ» ያሉኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ሁለተኛው ሆነ። «ያለ ዕድሜያቸው ያረጁ ሰዎች ማለት ነው» አሉ። «ከውጭ ደህና፣ ከውስጥ ያለቀላቸው። ይሄ አዲስ ነው። ሐሙስ ለኮሚቴው የምናቀርበው ይሄንኑ ነው፤ አርባ ሰባትን ፊት ለፊት አድርጊልኝ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በላቦራቶሪው ውስጥ አርባ ሰባት እንደ ሰው ሆነ። ጠዋት ስገባ የሥራ ባልደረባዬ «አርባ ሰባት እንዴት አደረ?» ይለኝ ነበር። እኔም «አልቆለታል!» እላለሁ፤ እንስቃለን። ያን ሰሞን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ምግብ ጣፈጠኝ፣ ለሰው ሰላምታ መስጠት ጀመርኩ።

ስላይዱን ሳዘጋጅ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ያረጁት ጎልማሶች ሁሉም የመጡት በዚያች በአንዲት ጠዋት ነው። ሌላ ቀን ከመጡት ጎልማሶች አንድም የዚህ ዓይነት የለም። እኛ ሙያ ውስጥ ይህ ደስ የማይል ምልክት ነው፤ ወይ ደሙ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ማሽኑ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ እንቅልፍ እያዳፋኝ አንድ ነገር ሳልጨምር ቀርቻለሁ። ማሽኑን መረመርኩት፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የቀረው ምድር ቤት ነው ብዬ ወረድኩ።

ሲስተር ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ቀኑን ስነግራት ሳቀች።

«እነዚያን? እንዴት አድርጌ እረሳቸዋለሁ! በአንድ ሚኒባስ ታጭቀው መጡ። የጠዋት የእግር ጉዞ ጓደኛሞች ነን አሉኝ። ሳቃቸው ኮሪደሩን አናጋው።»

«ደሙ ሳይቆይ ነው የተላከልኝ?»

«ወዲያው ነዋ። ምነው?»

«ዕድሜያቸውን ማን ነገረሽ?»

«ራሳቸው ናቸዋ! መታወቂያ አትጠይቂ ተብያለሁ። አንደኛዋን ‹ዕድሜዎ ስንት ነው?› ስላቸው ወደ ጓደኛቸው ዞረው ‹ስንት ነበር የተባባልነው?› አይሉ መሰለሽ!»

እሷ በሳቅ ፈረሰች።

«ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሃምሳ ስምንት። ጓደኛቸው ነገሯቸው።» ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች። «ቀልድ መስሎኝ እኮ ነው። ፀጉራቸውን ተቀብተው፣ ሊፕስቲክ አድርገው፣ ዘንጠው ነው የመጡት። እኔ ደም ስቀዳ ነው ወይስ የሰው ዕድሜ ስመረምር ነው የምውለው?»

ልክ ናት። ወደ ደረጃው ስዞር አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አንዷ ደግሞ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱት፣ ላይ የምትሠራው ቀጭኗ ልጅ ምሳ ትበላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ‹ስጪልኝ› አሉኝ። ሰጪና ተመራማሪ መገናኘት አይፈቀድም አልኳቸው።»

«ብርቱካኑስ?»

«እኔ በላሁት።»

ሰማያዊ ሹራብ የማንም እናት ይኖራታል። ከቦርሳዋ ብርቱካን የማይጠፋ ግን የእኔ እናት ናት፤ እዚህ ላይ መከራከሪያ አጣሁ።

እናቴ ቤት እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ የምናገረውን አሰናዳሁ። ስለ ሳይንስ፣ ስለ እውነት፣ ስለ ስድስት ዓመት ልፋት። በሩን ስትከፍትልኝ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ጥቁር ሆኖ፣ በእጇ የሾርባ ቴርሞስ ይዛ ነበር።

«እማዬ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«እንዴት ዋልሽ አይባልም?»

«ስንት ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ለማን?» አለች።

የተሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እሷ ደግሞ ነገሩ ገባትና አፏን በእጇ ሸፍና እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

«አወቅሽብን! ማን ለፈለፈ? መቼም ኮሎኔሏ ናት።» ኮሎኔሏ የሚሏት በእግር ጉዞው ከፊት ሆና የምትመራቸውን ሴት ነው። «እሷ እኮ በሩ ላይ ደርሳ እንኳ ዕድሜዋን ትረሳዋለች። ስንቴ አስጠናኋት መሰለሽ!»

«እማዬ፣ ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው!»

«ቀስ በዪ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ጎልማሳ ጠፋ ብለሽ ያለቀስሽው?» አለች፣ ተገርማ። «አዛውንቱ ሞልቷል አልሽኝ። በሞላበት ምን ልንሠራ እንሂድ? ለሴቶቹ ነገርኳቸው፣ ልጄ ሥራዋን ልታጣ ነው አልኳቸው፣ አንዷም እምቢ አላለችም። አንደኛዋ መርፌ ስታይ ራሷን የምትስት ናት፤ ዓይኗን ጨፍና ሰጠች። ደም ደም ነው ብለን ነዋ! ደግሞ ጤነኞች ነን፣ ሜዳውን በየጠዋቱ ሦስቴ እንዞረዋለን።»

ተቆጣሁ። ስድስት ዓመት ነው ገደል የከተታችሁት አልኩ። ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ቆሜ ውሸት ላወራ ነበር አልኩ። እናቴ ቴርሞሱን እንዳቀፈች ሰማችኝ፤ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል፣ እንዲህ አለች፦

«ያቺ ነርሷ ግን ጨዋታ አዋቂ ናት። ሃምሳ ስድስት ነኝ ብያት፣ ‹እርስዎ አርባ ሰባት ነዎት› አትለኝም! እሰይ፣ ጭራሽ ቀነሰችልኝ ብዬ ሳቅሁ። ለካ የቱቦው ቁጥር ነው።»

የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «አልቆለታል» እያልኩ በየጠዋቱ የሳቅሁበት፣ ብድግ ብዬ ያጨበጨብኩለት፣ ግራፉ ላይ ብቻውን ታች የቀረው ነጥብ ፊቴ ቆሞ ካፖርቱን ይቆልፋል። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ታች ያለችው ልብስ ሰፊዋ ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ተኝታለች። ሌላው ጎረቤት ፈርቶ በሯን አያንኳኳም። እኔን ምን ያስፈራኛል? ባንቺ አማካኝነት ተከትቤያለሁ!»

የሰጪን ውጤት ለሰጪው መናገር ክልክል ነው። ወረቀት ላይ ፈርሜበታለሁ።

«እማዬ፣ ያ ክትባት አንቺን አልያዘሽም።»

«ያዘኝ እንጂ! ክንዴን ሁለት ቀን አሞኛል።»

«ክንድሽን አሞሻል፤ ደምሽ ግን አልተቀበለውም። አይቼዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጋ መግባት የለብሽም። ማንም የሚያስል ሰው ጋ መግባት የለብሽም። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ለአዛውንት የሚሰጥ ጠንከር ያለ ክትባት አለ።»

ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከፊቴ ተቀመጠችና ጉልበቷን በእጇ እየዳበሰች ቆየች።

«ከሴቶቹ ሁሉ የኔ ነው የባሰው?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ዕድሜ ልኬን በቁጥር ስሠራ ኖሬ በዚያች ሰዓት አንድ ውሸት እንኳ አላሰናዳሁም።

«አዎ።»

«አርጅቻለሁ በዪኛ።»

«ሴሎችሽ ናቸው እንጂ...»

«የኔ ሴሎች የማን ናቸው ታዲያ?» አለችኝ።

ወደ ኩሽና ገብቼ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። እስከ ነገ ባቆየው የማልደውል መሰለኝ። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ እያየሁ «ፕሮፌሰር፣ ጎልማሶቹ ጎልማሶች አይደሉም» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብርቱካኑን ብቻ ተውኩት።

«ይሄንን ማን ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔ፣ አሁን እርስዎ፣ ሲስተርም ሳትጠረጥር አትቀርም። አሥራ አንዱ ሴቶችም ያውቃሉ።»

«ብዙ ነን» አሉ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። ጥያቄውን ለምን እንደጠየቁ አውቃለሁ፤ እኔም አውቶቡስ ውስጥ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ አልታዘብኳቸውም። «እንግዲህ ስላይዱን አውጪው። ሐሙስ ያለንን እናቀርባለን።»

«ያለን ምንድን ነው?»

«አዛውንትን ክትባት በደንብ አይዘውም።»

«እሱማ የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለ ኮንትራትሽ አሁን ቃል ልሰጥሽ አልችልም፤ ይገባሻል አይደል?» አሉኝ።

«ይገባኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቆምኩ። ማልቀስ ይኖርብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ብቻ ነው፤ ከእግሬ ጣት የጀመረ፣ የስድስት ዓመት ድካም። ስመለስ እናቴ ካፖርቷን አውልቃ ተቀምጣለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ሥራሽን አሳጣሁሽ?»

«ገና አልታወቀም። ባጣውም፣ አንቺ ባትዋሺ ኖሮ ጎልማሳ ከየት ይመጣልኝ ነበር? ያው ነበር።»

«ያው አልነበረም» አለች። «ያን ሰሞን ደስ ብሎሽ ነበር። እሑድ መጥተሽ ሁለቴ ጨምረሽ በላሽ፣ እየዘፈንሽ ዕቃ አጠብሽ። ስንት ዘመን ሆነኝ እንዲያ ሳላይሽ። ለሴቶቹ ‹የኛ ደም ነው እንዲህ ያደረጋት› ብዬ ነገርኳቸው፤ ሁሉም ደስ አላቸው።»

«እውነትሽን ነው። የናንተ ደም ነው።»

«የኔንስ ስታዪ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ያን የባሰውን ስታዪ ደስ አለሽ?»

«በጣም ደስ አለኝ፣ እማዬ።»

አየችኝ። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣ በቀለለኝ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። «ታዲያ ይሁን» አለች። «ደህና አደረግሁ።»

ቴርሞሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። «እኔ አደርስላታለሁ፤ እኔን ክትባቱ ይዞኛል» አልኳት። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ሁለት ደረጃ እንደወረድኩ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እንዳትሰማኝ አፌን በክንዴ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ታች ልብስ ሰፊዋ ስታስል ሰማሁና ተነሳሁ።